የአይንስታይንን ሚስት ልብ ወለድ እየጻፍኩ 1905 ላይ ቆሜያለሁ፤ እርዱኝ

የኮዬዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ልጆቹ ሲተኙልኝ፣ መብራት ከጠፋም በስልክ ብርሃን የምጽፋት ታሪካዊ ልብ ወለድ አለችኝ። ባለታሪኳ ሚሌቫ ማሪች ናት፤ የአልበርት አይንስታይን የመጀመሪያ ሚስት። ሰርብ ናት። እ.ኤ.አ. በ1896 ዙሪክ ፖሊቴክኒክ ከእሱ ጋር ፊዚክስና ሒሳብ ልትማር ስትገባ በክፍሏ ሌላ ሴት አልነበረችም። በ1900 የመጨረሻውን ፈተና ወደቀች፤ በ1901 ነፍሰ ጡር ሆና ደገመችው፣ አሁንም አልሆነላትም።

ችግሬ 1905 ላይ ነው፤ አይንስታይን ሪላቲቪቲን፣ ማለትም የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳቡን፣ ያሳተመበት ዓመት። ረቂቁን ያነበቡት ጓደኞቼ «ሪላቲቪቲን የጻፈችው እሷ ናት በይ፣ መጽሐፉ ይሸጥልሻል» ይሉኛል። እጄ እምቢ አለኝ። ደግሞስ ቀኖቹን በእኛ ልጻፍ በፈረንጅ? አጻጻፌን እንድታዩት ይህችን ቁራጭ ልለጥፍ፦

«ሚሌቫ ሻዩን ቀድታ ጠረጴዛው ጥግ አስቀመጠች። አይንስታይን ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ ስኳር ጠየቁ።»

ጡረተኛ የፊዚክስ መምህር፦
ልጄ፣ እጅሽን ስሚው። ጓደኞችሽ የያዙት በመጋቢት 1901 ከሚላን የጻፈላትን ደብዳቤ ይመስለኛል፤ ስለ አንጻራዊ እንቅስቃሴ ሲያወራ «ሥራችን» ብሏታል። በሌሎቹ ደብዳቤዎች ግን ስለዚሁ ጉዳይ «እኔ» እያለ ነው የሚጽፈው። ከእሷ የተረፉት ደብዳቤዎች ጥቂት ናቸው፤ በእነሱም ውስጥ ስለ ሪላቲቪቲ የራሷ ሐሳብ የለም። የ1905ቱ ጽሑፎች የወጡትም በእሱ ስም ብቻ ነው። እሷ ናት የጻፈችው ብትዪ እንደ እኔ ያለ ነዝናዛ አንባቢ መጽሐፉን እዚያው ይዘጋዋል። ይልቅ «ሥራችን» የምትለዋን ቃል ዙሪክ ተቀምጣ ስታነባት አሳዪኝ። ፈተናውን ልትደግም አራት ወር ቀርቷታል። ያቺን ቃል ስንት ጊዜ ተመልሳ ታያት ይሆን?

አራሚ፦
ስለ 1905 መምህር ብለውታል። እኔን የከነከነኝ ቁራጯ ናት። እሱ «ጠየቁ»፣ እሷ «አስቀመጠች»! የተረሳች ሴት ታሪክ ልትጽፊ ተነስተሽ ገና በግሱ ረሳሻት። በዕድሜ እኮ ትበልጠዋለች፤ እሷ በ1875፣ እሱ በ1879 ነው የተወለዱት። በ1905 ገና የ26 ዓመት የፓተንት (የፈጠራ መብት) ቢሮ ሠራተኛ ነው። አንቱ ያልሽው ኋላ የመጣውን ዝናውን ነው። ወይ ሁለቱንም አንቱ በያቸው፣ ወይ ለሁለቱም አንቱታውን ተዪው።

ንግግራቸው ላይ ደግሞ የአያቶቻችንን ቤት እንዳታስገቢበት፣ ሚስት «እርስዎ» ስትል ባል «አንቺ» የሚልበትን። ጀርመንኛም አንቱታ አለው። በመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች ሁለቱም «እርስዎ» ነበር የሚባባሉት፤ ቆይቶ «አንተ» እና «አንቺ» ሆነ፣ የቁልምጫ ስምም ተሰጣጡ። እንግሊዝኛው ይህን አያሳይም፣ አማርኛችን ግን ያሳያል። «እርስዎ» የቀረበትን ቀን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ብትሰጪው አይበዛበትም።

የለገጣፎው፦
በፈረንጅ ጻፊው፣ እ.ኤ.አ. መሆኑን መጀመሪያ ላይ አንዴ ንገሪን። አለዚያ 1905 ሲል አንባቢሽ ምኒልክ ሊያርፉ አንድ ዓመት የቀራቸው ጊዜ ይመስለዋል። አንዱን ቀን ግን በእኛም አስቢው፦ በርን ከተማ የተጋቡት ጃንዋሪ 6 ቀን 1903 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 28፣ የገና ዋዜማ! እሷም ያደገችው በሰርብ ኦርቶዶክስ ቤት ስለሆነ የቤተሰቧ ገና በማግስቱ ነበር። ለሰርጓ ግን መዘጋጃ ቤት ሄዳ ፈረመች።

ሰበታ ማዶ፦
ልብ ወለድሽን መፍጠሪያ ክፍተት ከፈለግሽ ሊዘርል አለችልሽ። ሳይጋቡ በ1902 መጀመሪያ የወለዷት ልጅ ናት። በመስከረም 1903 ደብዳቤ ላይ ስካርሌት ፊቨር (ትኩሳትና ቀይ ሽፍታ ያለው የልጆች በሽታ) እንደያዛት ይነሳል፣ ከዚያ ወዲያ ዱካዋ የለም። መኖሯ ራሱ ለዓለም የተሰማው ደብዳቤዎቹ በ1987 ሲታተሙ ነው።

የኮዬዋ፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አራሚ፣ አሳፈርሽኝ! ሌሊቱን ስልሳ ገጽ ሙሉ «እሳቸው»ን ስሰርዝ አደርኩ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ እስክሪብቶዬ ቆመ፦ በርሊን፣ 1914። አብረው ለመኖር የጻፈላት የቅድመ ሁኔታ ዝርዝር አለ፤ ልብሱ ተስተካክሎ እንዲቀመጥለት፣ ምግቡ በቀን ሦስቴ ክፍሉ ድረስ እንዲመጣለት፣ ዝም በይ ሲላት ዝም እንድትል። በዚያው ዓመት ልጆቿን ይዛ ዙሪክ ተመለሰች። ወረቀቱን አንብባ ስታበቃ «እርስዎ እንዳሉ» ብትለውስ?

አራሚ፦
ትበለው። አንዴ ብቻ።