ሽምብራ አፍንጫዋ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ፣ ቶሎ እርዱኝ

ጠያቂ፣ ማታ 2:05
ኮዬ ፈጬ ነን። ልጄ ሽምብራ አፍንጫዋ ውስጥ ከታ አልወጣ ብሏል። በወረንጦ ልሞክር ስል ትጮኻለች፣ ጭንቅላቷን ታወራጫለች። ትንሽ ደምም አይቻለሁ። አባቷ መስክ ወጥቷል፣ ብቻዬን ነኝ። ውሃ ልጨምርበት? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

የሦስት ልጆች እናት፣ 2:08
አይዞሽ የኔ እህት። የእኔ ትልቁ በ4 ዓመቱ አተር ከትቶ ሰፈሩን በእግሩ አቁሞት ነበር። ዛሬ ጢም አብቅሎ እኔኑ ይመክረኛል። የምግብ ዘይት ለብ አድርገሽ ሁለት ጠብታ ጣል አድርጊበት፣ ተንሸራትቶ ይወጣል።

የልጅ ልጅ አሳዳጊ፣ 2:10
ልጄ፣ በርበሬ አሽትቻት። አንዴ ስታስነጥስ ሽምብራው ከበር ውጭ ነው የሚያርፈው። በእኛ ጊዜ ሐኪም ቤት የሚባል ነገር አልነበረም፣ ሁሉንም የምናወጣው እንዲህ ነበር።

ጤና መኮንን፣ 2:12
እህቴ፣ ውሃ እንዳታደርጊ። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር ውሃ ሲያገኙ ያብጣሉ፣ ከዚያ በኋላ ማውጣቱ በጣም ይከብዳል። ወረንጦውንም አስቀምጪው። ክብ ነገር በወረንጦ አይያዝም፣ እየገፋሽ ወደ ጉሮሮዋ ትሰጂዋለሽ። በርበሬውም ይቅርብን እማማ፣ ይቅርታዎን። ልጅ ከማስነጠሱ በፊት መጀመሪያ ወደ ውስጥ ይስባል።
አሁን ንገሪኝ፣ ዕድሜዋ ስንት ነው? የትኛው ቀዳዳ ነው? ከስንት ሰዓት ጀምሮ? ስትከት አይተሻል?

ጠያቂ፣ 2:15
3 ዓመት ከ2 ወሯ ነው። ግራው ነው። ወደ 11 ሰዓት ላይ ማልቀስ ጀመረች። ስትከት አላየሁም፣ ግን ቆሎ እየቆላሁ ነበር፣ ሽምብራው ወለሉ ላይ ተበትኗል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

የብሎክ ጎረቤት፣ 2:17
ካላየሽ ሽምብራ ነው ብለሽ አትደምድሚ። የኮዬን አቧራ ታውቂዋለሽ። የእኔዋም ሳምንቱን ሙሉ አፍንጫዋ ሲፈስ ከርሞ ሳይነስ ነው ተባለ። ልጅቷን በከንቱ እያስጨነቅሻት እንዳይሆን።

ጤና መኮንን፣ 2:21
ሳይነስና ጉንፋን ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ቀዳዳ ነው የሚያፈሱት። የትንሽ ልጅ አፍንጫ በአንድ በኩል ብቻ ሲፈስ፣ በተለይ ሲሸት ወይም ደም ሲቀላቅል፣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ዕቃ ገብቷል ብለን ነው የምንነሳው። ይህን ለሁላችሁም ነው የምለው። ሁለት ሳምንት ፀረ ተሕዋስያን ሲወስድ ከርሞ፣ በመጨረሻ ከአፍንጫው የተጠቀለለ ስፖንጅ ያወጣሁለት ልጅ አለ።
አሁን ጎረቤት ጥሪና አብራችሁ እዩ። አንቺ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ በይ፣ ልጅቷን ጀርባዋ ወደ ደረትሽ ሆኖ ጭንሽ ላይ አስቀምጫት። እግሮቿን በጉልበቶችሽ መሃል ያዢ፣ በአንድ ክንድሽ ሁለቱን እጆቿን እቀፊ፣ በሌላው መዳፍሽ ግንባሯን ደረትሽ ላይ ደግፊ። ጎረቤትሽ የአፍንጫዋን ጫፍ በአውራ ጣቷ ወደ ላይ ቀና ታድርግና በስልክ መብራት ትይ። ሰው ሁሉ መብራቱን ወደ ዓይን አቅጣጫ ነው የሚያበራው። የአፍንጫ ወለል ግን ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ወደዚያ አብሩ።
በጉንጯ በኩል እርጥብ፣ ሮዝ፣ አበጥ ያለ ነገር ካያችሁ የራሷ ሥጋ ነው፣ ሁላችንም አለን። ዕቃ መስሏቸው በወረንጦ ጎትተው ልጁን በደም ነክረው ያመጡ ወላጆች አጋጥመውኛል። ምንም ነገር አታስገቡ፣ እዩ ብቻ። ቀኙንም፣ ጆሮዎቿንም እዩ። አንድ ቦታ የከተተ ልጅ ሌላም ቦታ ይከታል።

የሦስት ልጆች እናት፣ 2:23
እስከዚያው ዘይቱን አድርጊ፣ ጉዳት የለውም። ለእኛ ሠርቷል።

ጠያቂ፣ 2:26
ጎረቤቴ አየች። ሽምብራ አይመስልም ነው የምትለው። ዙሪያው ጥቁር ነው፣ መሃሉ እንደ ሳንቲም ብልጭ ይላል። የሚፈሰውም ደም አይደለም፣ ቡናማ ውሃ ነው። ቆሎ አሮበት ይሆን?

የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ፣ 2:27
የሚዘፍን አሻንጉሊት፣ የመኪና ሪሞት፣ መብራት ያለው ጫማ፣ ሚዛን፣ ካልኩሌተር፣ ከእነዚህ ክዳኑ የተከፈተ ነገር ቤት ውስጥ አለ? የሰዓት ባትሪ ይመስለኛል።

ጠያቂ፣ 2:29
ቴርሞሜትሩ!! ጠዋት ትኩሳቷን ለክቼ ሶፋው ላይ ትቼው ነበር። ክዳኑ ወልቋል፣ ባትሪው የለም። ወይኔ ልጄን

ጤና መኮንን፣ 2:31
ተረጋጊና ይህን ብቻ አድርጊ፣ አሁኑኑ ከቤት ውጪ። እስከ ነገ የሚቆይ ነገር አይደለም። ባትሪው እርጥብ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ በዙሪያው ያለውን እርጥበት እንደ ፍሳሽ መክፈቻ ኬሚካል የሚያቃጥል ያደርገዋል። በ2 ሰዓት ውስጥ ማቃጠል ሊጀምር ይችላል፣ አንቺ ጋ ከ3 ሰዓት አልፏል። የሁለቱን ቀዳዳዎች መለያ ግድግዳ ሊበሳው ይችላል። ኃይሉን የጨረሰ ባትሪ እንኳ ይህን ለማድረግ የሚበቃ ይተርፈዋል።
ዘይት፣ ውሃ፣ የጨው ውሃ፣ የአፍንጫ ጠብታ፣ ምንም እንዳታደርጊ። ፈሳሽ ሲጨመር ይብስበታል።
ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቅርባችሁ ነው፣ ድንገተኛ ክፍል ግቢ። ገና በር ላይ “ባትሪ ነው፣ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ነው” በይ፣ ሽምብራ እንዳትያቸው። የአፍንጫ ነገር ነው ብለው ወረፋ ካስያዙሽ ደግመሽ ንገሪያቸው፣ አትፈሪ። ከአንገት በላይ ሐኪም ካስፈለገ እነሱ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ይልኩሻል። መኪና ካጣሽ ለአምቡላንስ 907 ወይም 939 ደውዪ።

የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ፣ 2:32
ቴርሞሜትሩን ይዘሽ ሂጂ። አብዛኛው ኤል አር 41 የሚባለውን ነው የሚጠቀመው፣ ስፋቱ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ሐኪሙ መጠኑን ካወቀ ይቀለዋል።

ባለ ታክሲ፣ 2:33
ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ነኝ፣ ባዶ ነኝ። የብሎክ ቁጥርሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ። በ10 ደቂቃ ከታች እደርሳለሁ።

ጠያቂ፣ 2:34
ላክሁልህ ወንድሜ። እየወረድኩ ነው

የብሎክ ጎረቤት፣ 2:36
ሳይነስ ነው ብዬ ሳዘናጋሽ ነበር፣ ይቅር በይኝ። ምድጃው ጠፍቷል? ቁልፉን ለጎረቤትሽ ከተውሽላት ወጥቼ አያለሁ።

የሦስት ልጆች እናት፣ 2:41
እኔም ዘይት፣ ዘይት ስል ነበር፣ አሁን እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ግን ሽምብራ ቢሆን ኖሮስ ምን ይደረግ ነበር?

ጤና መኮንን፣ 2:47
ሽምብራ ቢሆን የእናት መሳም የሚባለውን ትሞክር ነበር። ለልጁ “ልስምህ ነው” ትይዋለሽ። ደህናውን ቀዳዳ በጣትሽ ትዘጊያለሽ፣ አፍሽን በአፉ ላይ ገጥመሽ ቀስ ብለሽ ትነፊያለሽ፣ ጉሮሮው ሲዘጋና ትንፋሽሽ እንቢ ሲል ድንገት አንዴ እፍ ትያለሽ። አየሩ በኋላ ዞሮ ዕቃውን ወደ ፊት ይገፋዋል። ከ10 ልጆች በ6ቱ ያህል ይሠራል፣ ልጁም ወረንጦ እንዳየ አይደነግጥም። አንድ ሁለቴ ተሞክሮ እንቢ ካለ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

የልጅ ልጅ አሳዳጊ፣ 2:52
ልጄ፣ ከተነሳ አይቀር አንተን ልጠይቅ። የልጅ ልጄ ጆሮው መግል ይፈሰዋል፣ ወር ሊሞላው ነው። ዘይትና የተወቀጠ ቅጠል ሳደርግለት ነበር።

ጤና መኮንን፣ 2:58
እማማ፣ ዘይቱንም ቅጠሉንም ከዛሬ ጀምረው ይተዉት። የሚፈስ ጆሮ ታምቡሩ ተበስቶ ሊሆን ይችላል፣ ያደረጉበት ነገር ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ከ14 ቀን በላይ ከፈሰሰ ሥር የሰደደ ነው የምንለው፣ መስሚያውን ሊጎዳው ይችላልና ይታይለት። እስከዚያው ንጹሕ ስስ ጨርቅ እንደ ፈትል ጠምዝዘው ጆሮው ደጃፍ ላይ ያድርጉ፣ ሲርስ ይለውጡት፣ ደረቅ እስኪሆን ድረስ፣ በቀን 3 ጊዜ። የጆሮ ኩክ ማውጫ እንጨት አይንካው፣ ሲታጠብም ውሃ አይግባበት።
ከጆሮው ጀርባ በጣትዎ ቀስ ብለው ይጫኑት። ካበጠና ካመመው፣ ወይም ጆሮው ወደ ፊት ከተገፋ፣ ነገ አይበሉ። የጆሮው አጥንት ተመርዞ ይሆናል፣ ዛሬ ማታ ሆስፒታል ይውሰዱት።

የልጅ ልጅ አሳዳጊ፣ 3:04
ተጫንኩት። አላበጠም፣ ተኝቷል፣ አልነቃም። እግዚአብሔር ይስጥህ። ነገ በጠዋት እወስደዋለሁ።

የሦስት ልጆች እናት፣ 3:16
እህታችን ደረሰች? ስልኳ አይነሳም።

ባለ ታክሲ፣ 3:20
ቃሊቲ ላይ ትንሽ ተይዘን ነበር እንጂ ደርሰናል። ገና በር ላይ “ባትሪ” ስትል አንዲት ነርስ ልጅቷን ተቀብላ እየሮጠች አስገባቻት። ስልኩ እኔ መኪና ውስጥ ቀርቷል፣ ለዚህ ነው የማይነሳው። ቴርሞሜትሩን ግን ይዛ ገብታለች።

የብሎክ ጎረቤት፣ 3:22
ምድጃው ጠፍቷል። ሽምብራውን ጠርጌያለሁ። ጠብቃት ወንድሜ።

ባለ ታክሲ፣ 3:49
እዚሁ ነኝ። ራጅ አንስተው ወደ ውስጥ ወስደዋታል፣ እናቷም አብራ ናት። እስካሁን አልወጡም።