ታይታንፎል 2፦ ከጎንደር ሆኖ ለሚጫወት ሰው የትኛው ታይታን ይቀድማል?

የቀሃው ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ጨዋታ ቤት አራት ኮምፒውተሮች አሉ። አራት ጓደኛሞች እዚያ እንቀመጣለን፣ አምስተኛችን አዘዞ ከቤቱ ሆኖ ይገባል። ቅዳሜ ማታ ታይታንፎል 2 ላይ ላስት ታይታን ስታንዲንግ የሚባለውን የአምስት ለአምስት ውጊያ እንጫወታለን። ለማያውቀው፣ ታይታን ሰው ውስጡ ገብቶ የሚነዳው ግዙፍ ተዋጊ ሮቦት ነው። እዚያ ሁሉም ሰው ከነታይታኑ ይጀምራል፤ የወደመበት ሰው በዚያ ዙር ሌላ አያገኝም።

ኢንተርኔት ላይ ያሉትን የታይታን ደረጃዎች አንብበን አዮንንና ሮኒንን ያዝን። ሦስት ቅዳሜ ተከታትለን ተቀጠቀጥን። ሮኒን የምይዘው እኔ ነኝ። ጎራዴውን አንሥቼ እከላከላለሁ፣ እየተከላከልኩ እያለሁ እሞታለሁ! ወደ አውሮፓ ሰርቨር ያለው መዘግየት ቀን ላይ 170 ሚሊ ሴኮንድ አካባቢ ነው፤ ማታ ከ200 ያልፋል። እባካችሁ ሰባቱን ታይታኖች በደረጃ አስቀምጡልን። ምክንያቱንም ጨምሩበት።

ባለ ጎራዴው፦

ሮኒን አንደኛ ነው። ጥፋቱ የእጅ ነው። ከዚያ አዮን፣ ከዚያ ኖርዝስታር፤ የቀሩትን እንደወደዳችሁ ደርድሯቸው።

ጋሼ ሬዲዮ፦

ባለ ጎራዴው፣ ልጁ የጠየቀው ጎንደር ተቀምጦ ማታ ስለሚጫወት ሰው ነው። አንተ የመለስህለት ስለ ራስህ ነው።

እኔ አራዳ ገበያ አጠገብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። ልጄ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሲይዝ ኮምፒውተሩን ትቶልኝ ሄደ፤ ይህ ጨዋታ ውስጡ ነበር። ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ እቀመጣለሁ፤ ባለቤቴም «ዛሬስ ስንት ገደልህ?» እያለች እራት ታቀርባለች። እጄ ከእናንተ እጅ ይዘገያል፣ በዚያ ላይ መስመሩ ይዘገያል። ስለዚህ ሰባቱን የምመዝናቸው በአንድ ነገር ነው፤ ቁልፉን በተጫንሁበትና ሰርቨሩ በሰማበት መካከል ባለው ጊዜ የያዝሁት ታይታን ይጠቅመኛል ወይስ ባዶ እጄን ያስቀረኛል?

በዚህ ሚዛን ስኮርች አንደኛ ነው። የእሳቱ ነገር ነው። ጋዝ የሚተፋውን ወጥመድ ቀድመህ መሬት ላይ ታስቀምጣለህ። ጠላት ሲገባበት ታቀጣጥለዋለህ፣ ያ ሁሉ ጋዝ ይነድዳል። እሳቱ ከተለቀቀ በኋላ መሬት ላይ ነው፤ መስመሩ ቢዘገይም አይጠፋም። የፋሲል ግቢን ቅጥር ታውቃለህ፣ 12 በር አለው። ስኮርችን ከአሥራ ሁለቱ በአንዱ ላይ አቁመኝና እስኪ እለፍ። ባለፈው ሰኞ ሁለት ሮኒኖች እንዲህ ባለ ጠባብ መግቢያ መጡብኝ። ወጥመዱን ከመግቢያው አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አስቀምጬ ነበር፣ ከውጭ እንዳይታይ። የመጀመሪያው ዘልሎ ሲገባ የእሳት ግድግዳውን ለቀቅሁበት። ተከታዩ መመለስ ሲገባው ጓደኛውን ሊያድን ገባ። ሁለቱም እዚያው ቀሩ። ጣቴ በዚያን ጊዜ ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው የነካው።

ሜዳ ላይ ካወጣኸው ግን አለቀለት። እሳቱ ሩቅ አይደርስም፣ ሰውነቱ ከባድ ነው፣ መሸሽ አይችልም። እንደ ሆምስቴድ ያለ የተንጣለለ ካርታ ከመጣ ግድግዳ ለግድግዳ ሂድ።

ሁለተኛ ቶን። ጨዋታው በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ሲወጣ ሁሉም ሰው ቶን ይዞ ነበር የሚገባው፤ በኋላ አዳከሟት። ቢሆንም ለእኛ ትበጃለች። በመድፏ እየመታህ ሦስት ምልክት ታሳርፋለህ፤ ሦስቱ ሲሞሉ የምትለቃቸው ሮኬቶች ዒላማውን ራሳቸው ይከተላሉ። የምትተክለው መከለያ ደግሞ የጠላትን ጥይት ይይዛል፣ የአንተን ያሳልፋል።

ሊጅን ሦስተኛ፤ ወፍራም ነው፣ መትረየሱ ክፉ ነው።

አዮን አራተኛ። እዚህ ላይ ድረ ገጾቹ ሁሉ ይቃወሙኛል። አዮንን እንዲህ አስቡት፤ ቤት ውስጥ ምጣድ፣ ምድጃና ካውያ በአንድ መስመር ላይ ተሰክተዋል። ምጣዱ ሲግል መብራቱ ይደበዝዛል። የአዮን ሌዘር፣ ጥይት የሚይዘው ጋሻዋና ወጥመዷ የሚቀዱት ከአንድ የኃይል ቋት ነው። ጥይት ከሦስት የሚከፈልበት አተኳኮሷም ከዚያው ነው የሚበላው። ጋሻውን በሰዓቱ ከፍተህ በሰዓቱ ከዘጋህ የጠላትን ጥይት ለራሱ ትመልስለታለህ። ከዘገየህ ግን ባዶ አየር ስትይዝ ኃይሉ ያልቃል፣ ከዚያ ሌዘሩም የለም። በ200 ሚሊ ሴኮንድ ይህን ሒሳብ የሚሠራ ሰው ካለ ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ።

አምስተኛ ሞናርክ። ይህች በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ዘግይታ የመጣችው ሰባተኛዋ ናት። ኮሯ፣ ማለት በውጊያ ቀስ በቀስ የሚሞላው ልዩ ኃይሏ፣ በሞላ ቁጥር አንድ ደረጃ ታድጋለች፣ ደረጃዎቹ ሦስት ናቸው። ሌላ የጨዋታ ዓይነት ላይ ያስደስታል፤ በእናንተ ውጊያ ግን ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሳትደርስ ዙሩ ያልቃል።

ኖርዝስታር ስድስተኛ። ከሩቅ አንድ ጥይት ሞልቶ መተኮስ ነው ሥራው። የሚራመደውን ሰው ስታነጣጥር ሰውየው አልፏል። ሮኒን ሰባተኛ ነው፤ ልጄ፣ አንተን የገደለህ ጠላት ብቻ አይደለም። ሁለቱም ቀላል ታይታኖች ናቸው፣ ጤናቸው 7,500 ነው፤ የስኮርችና የሊጅን 12,500 ነው። ሮኒን ያንን ጉድለት የሚሸፍነው በጎራዴ መከላከልና ለቅጽበት ከዓለም በመሰወር ነው። ሁለቱም ልክ ሰዓታቸው ላይ መሆን አለባቸው። አንተ ዛሬ ትጫናለህ፣ ሰርቨሩ ነገ ይሰማል።

ባለ ጎራዴው፦

ጋሼ፣ እርስዎ እንደሚሉት ከሆነ ሮኒን መጫወት የሚችለው አውሮፓ የተወለደ ብቻ ነው ማለት ነው?

ጋሼ ሬዲዮ፦

የተወለደበት አይደለም፣ የተቀመጠበት ነው።

መትረየሷ ማራኪ፦

ጋሼ፣ ስኮርች ላይ እስማማለሁ፤ ሊጅንን ግን በአንድ መስመር አልፈውታል፤ እኔ ደግሞ ከእሱ ሌላ ይዤ አላውቅም። ማራኪ ካምፓስ ዶርም ውስጥ ሆኜ ነው የምጫወተው፤ መስመራችን ከፒያሳው ቢብስ እንጂ አይሻልም።

ሊጅን ሲተኩስ በርሜሉ መጀመሪያ መሽከርከር አለበት። ጀማሪ ሰው ጠላት ካየ በኋላ ያሽከረክራል፣ እሳቱ ሲወጣ ቀድሞ ተመትቷል። እኔ ማዕዘኑን ከመዞሬ በፊት አሽከርክሬ፣ ጋሻውን ከፍቼ ነው የምወጣው። ስወጣ እየተኮስኩ ነው። መዘግየቱ ማዕዘኑ ኋላ ያልቃል። ኮሩ ሲሞላ ደግሞ ዒላማውን ራሱ ይይዛል። ስለዚህ ከቶን በላይ ሁለተኛ አድርጌዋለሁ።

ደግሞ ሁላችሁም የረሳችሁት አለ፤ ባትሪ። ታይታኑ የወደመበት ሰው ዘልሎ ከወጣ በእግሩ መዋጋት ይችላል። ጠላት ታይታን ላይ ወጥቶ ባትሪ ነቅሎ ለጓደኛው ቢሰጥ ያ ጓደኛ ጋሻ ያገኛል፣ ኮሩም በከፊል ይሞላል። የእኛ ቡድን ያሸነፈው አብዛኛው ዙር እንዲህ ነው። የቀሃው ልጅ፣ እናንተ ታይታናችሁ ሲቃጠል ምን ታደርጋላችሁ? እውነቱን ንገረን።

የቀሃው ልጅ፦

እውነቱን ከጠየቅሽ፣ ከወንበር ተነሥተን ቡና ላይ እንሄዳለን። ባለቤቷ ጀበናውን በሩ ላይ ነው የምትጥደው። ከዚያ ሆነን የተረፈውን ጓደኛችንን እንሳደባለን።

ትናንት ማታ የተባለውን ሞከርን። ሁለት ስኮርች፣ አንድ ሊጅን፣ አንድ ቶን። አዘዞ ያለው ልጅ መስመሩ ከሁላችንም ስለሚሻል ሞናርክ ሰጠነው፤ በመጀመሪያው ደረጃ ኃይል የማስተላለፊያውን ምርጫ ይዞ ለእኛ ጋሻ እየሞላ ከኋላ ይከተላል። ጋሼ አምስተኛ ቢያደርጓትም ለዚህ ሥራ ጠቀመች። ከስድስት ጨዋታ ሦስቱን አሸነፍን። ሰባተኛው ላይ እየመራን ሳለ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ አዘዞ ያለው ልጅ ብቻውን ከአምስት ጋር ቀርቶ ነበር፤ ስንመለስ በእግሩ እየሮጠ ባትሪ ይሰርቃል፤ የሚሰጠው ሰው ግን የለም።

አንድ ችግር ቀረ። ሁለቱ ስኮርቾች በአንድ በር እየቆሙ ተጣሉ።

ጋሼ ሬዲዮ፦

ሞናርክን ወደ አራት አሳድጋታለሁ፣ ኃይል ለጓደኛ ታስተላልፋለች የሚለውን አላሰብሁትም ነበር። አዮን አምስት ትሁን። ሊጅንና ቶን ላይ ግን አልለወጥም፤ ማዕዘን የሌለበት ካርታ ሲመጣ ልጅቷ ትነግረኛለች።

ሁለቱ ስኮርቾች አንዱ በር ላይ፣ አንዱ ከኋላ ያለው መተላለፊያ ላይ ይቁም። ጠላት በዋናው በር እሳት ሲያይ በጓሮ ነው የሚዞረው። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ኮምፒውተሩን አቆይቶ የሚይዝ ባትሪ ደግሞ አለኝ፣ አሮጌ ነው ግን ይሠራል። ለጨዋታ ቤቷ ባለቤት ንገሯትና ሰኞ ሱቅ መጥታ ትየው።