«ለቀልድ ያልተፈጠረ ድምፅ» አለ እንዴ?

ባለክራር፦ ከካምፓስ መጽሔት ወጥቶ በየስልኩ የሚዞረውን የአንድ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ጽሑፍ አይታችሁታል አይደል? የአስቤዛ ዝርዝር በቅዳሴ ዜማ እያነበበ የሚያስቀውን፣ በገናን የፍቅር ዘፈን መግቢያ ያደረገውን፣ በአዛን ፕራንክ የሚሠራውን፣ ሁሉንም አንድ ከረጢት ውስጥ ከትቶ «ለቀልድ ያልተፈጠረ ድምፅ ነው፤ አይነካ» ብሎ ዘጋው። ድምፅ ከመቼ ወዲህ ነው ለአንድ ሥራ ብቻ የሚፈጠረው? ትዝታ በበገናም በክራርም ይቃኛል፤ ያው አምስት ድምፅ ነው። ክራር ላይ ሲሆን ጠጅ ቤት፣ በገና ላይ ሲሆን መንግሥተ ሰማያት?

የዜማ ቤት ልጅ፦ ወንድሜ፣ ቅኝትንና ያሬዳዊ ዜማን መጀመሪያ ለይ። ቅዳሴ በትዝታና በባቲ አይለካም። ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ የሚባሉት የዜማ ዓይነቶች የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት እየተባለ፣ ምልክቱ ከፊደሉ አናት ላይ እየታየ ነው የሚጠናው። ቀልደኛው የያዘው ርክርኳን ብቻ ነው። «ሽን…ኩርት ሁለት ኪሎ» እያለ ጉሮሮውን ሲያንቀጠቅጥ ሽንኩርቱ አይደለም የሚያስቀው።

ባለክራር፦ ስምንቱንም ምልክት አሟልቶ ሽንኩርት ቢገዛ ይፈቀድለታል ማለት ነው?

የዜማ ቤት ልጅ፦ አሟልቶ የሚያውቅማ አይሠራውም።

የደብረ ታቦር ሰው፦ እዚህ ላይ እንኳ ተሳስተሃል፣ መሪጌታ። አሟልተው የሚያውቁት ናቸው የቀለዱት። አለቃ ገብረ ሐናን የት ልታደርጋቸው ነው? አገር በቀልዳቸው ይስቃል፣ ተክሌ አቋቋም የሚባለው የማሕሌት ስልትም የእሳቸው ነው፤ ለልጃቸው ለተክሌ አስተምረውት በስሙ ተጠራ። ጎንደር «አዲስ ነገር» ብሎ ፊቱን ሲያዞርበት ደብረ ታቦር ነው የተቀበለው ይባላል። አሁን ማን ነው ነውር ነው የሚለው?

የዜማ ቤት ልጅ፦ አለቃ የቀለዱት በሰው ላይ ነው፤ በመኳንንቱ፣ በካህኑ፣ በራሳቸውም ላይ። ዜማውን ይዘው ገበያ አልወረዱም። ሲፈጥሩም መቅደስ ውስጥ ለሚዘመም ነገር ነው የፈጠሩት። ይህን ከስልክ ፊት ቆሞ ዓይኑን ከሚያጉረጠርጥ ልጅ ጋር ልታነጻጽር?

ሦስተኛ ዓመት፦ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ያለ አይመስልም። ጸሐፊው ልጅ «ይታገድ» አላለም። ጥያቄው ስለ ዶርም ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው ይተኛል፤ አንዱ ሁዳዴ ይዟል፣ አንዱ ለተራዊሕ፣ ለረመዳን የሌሊት ሰላት፣ ሊወጣ ነው፣ አንዱ ደግሞ ያንኑ ቪዲዮ በድምፅ ማጉያ አሥር ጊዜ ይደጋግማል። «አይነካ» ያለው ለዚያ ነው።

ባለክራር፦ ታዲያ «ማዳመጫ ጆሮህ ላይ አድርግ» ብሎ አይጽፍም? ለማዳመጫ ጉዳይ ፍልስፍና ምን አመጣው?

ቆራጭና ቀጣይ፦ እኔ ከቅንብር በኩል ልግባ። ችግሩ መሳቁ ሳይሆን መቆረጡ ነው። «ኢትዝክር ለነ አበሳነ ዘትካት» የሚለውን ውሰዱ፤ የቀደመ በደላችንን አታስብብን ነው። ከ15 ሰከንድ ቪዲዮ ሥር ሲያስገቡት፣ ድንገት እንዳይጮኽ መግቢያው ላይ ግማሽ ሰከንድ ፌድ ኢን ያደርጉበታል፤ ድምፁ ከዝምታ ቀስ እያለ እንዲነሣ ማለት ነው። ዜማው ቶሎ የሚነሣ ከሆነ የምትጠፋው ያቺ የመጀመሪያዋ «ኢ» ናት። የቀረው «ትዝክር» ነው፤ «ታስብብን» እንደ ማለት! ልመናው ተገልብጦ ቁጭ። በዚያ ላይ ድምፁ ከቪዲዮው ተነጥሎ ለሁሉም ከተከፈተ በኋላ፣ የመጀመሪያው ሰው በላዩ ላይ ማን ምን እንደሚሠራበት አይቆጣጠርም። ድመትም ሊያስጨፍርበት ይችላል።

ወሎዬዋ፦ አዛን ላይ ደግሞ መጨረሻው ነው የሚቆረጠው። የስልክ መጥሪያ ያደርጉታል። «አሽሀዱ አን ላ ኢላሃ» ላይ ሲደርስ ሃሎ! «ኢለላህ» ሳይባል ቀረ። ምን ብሎ እንደቀረ ታውቃላችሁ? «አምላክ እንደሌለ እመሰክራለሁ»። ያውም ይሄን የሚያደርገው ቀልደኛ አይደለም፤ ወዶ፣ አክብሮ የጫነው ሰው ነው። ስለዚህ «ለቀልድ ያልተፈጠረ» ማለቱ አይበቃም፤ ለመጥሪያም አልተፈጠረም።

ባለክራር፦ ይኸው! አክባሪውም አበላሸው። እንግዲህ ለምን ቀልደኛው ብቻ ይወቀሳል?

ወሎዬዋ፦ አክባሪው ሲነገረው አጥፍቶ ሌላ ይጭናል። ቀልደኛው ሲነገረው ክፍል ሁለት ይሠራል።

አንቀጽ ጠቃሽ፦ ስሜቱን ትታችሁ ሕጉን እዩ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 816 በአደባባይ ሃይማኖትን በቃል ወይም በሁኔታ ማላገጥ ደንብ መተላለፍ ነው። አንቀጽ 492 ከበድ ያለ ነው፤ የአምልኮ ሥርዓትን ማወክን፣ በሥርዓቱ ላይ መሳለቅንና ንዋየ ቅድሳትን ማርከስን ይመለከታል። የጥላቻ ንግግሩ አዋጅ 1185/2012 ግን የኪነ ጥበብ ሥራን ከክልከላው ውጭ አድርጎታል። የሽንኩርቱ ልጅ «ኪነ ጥበብ ነው» ካለ በአዋጁ መያዙ ያጠራጥራል፤ በ816 ግን…

ቆራጭና ቀጣይ፦ ሽንኩርት ኪነ ጥበብ ከሆነ አገሩ በሙሉ አርቲስት ነው።

የደብረ ታቦር ሰው፦ ነውርን በአንቀጽ የሚፈልግ ሰው ነውር አያውቅም።

አንቀጽ ጠቃሽ፦ በነውር የሚያስር ደግሞ ሕግ አያውቅም፣ ጌታዬ።

ባለክራር፦ ወደ በገናው ልመልሳችሁ። ዘፈን ውስጥ ገባ እያላችሁ የምታለቅሱለት በገና፣ በገና ነው ወይ? ጅማቱ በርኩማው ላይ፣ ጅማቶቹን ደግፎ በሚይዘው እንጨት ላይ፣ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የምትባል ቆዳ ትገባለች። ያ ዝዝዝ የሚለው ንዝረት የሚመጣው ከእሷ ነው። ቆዳዋ ትንሽ ወደ ፊት ካለፈች ጅማቱ ይታፈናል፣ ወደ ኋላ ከቀረች ድምፁ ባዶ ይሆናል። ለየአንዳንዱ ጅማት ለብቻ ነው የምትስተካከለው። ስቱዲዮ ሲገባ ምን ያደርጉታል? ዝዝታውን «ኖይዝ» ብለው ያጠፉታል፣ ከዚያ ቃናውን ወደ ላይ ይስቡታል። የቀረው ወፍራም ክራር ነው። እንዚራው የወጣለት ነገር እንዴት ነው የሚረክሰው?

የዜማ ቤት ልጅ፦ ይህን ያህል ካወቅህ ልጁን ምን አከራከረህ? መርከስ ማለት እኮ እሱ ነው!

ባለክራር፦ እሱማ የሙያ ጉድለት ነው እንጂ ኃጢአት አይደለም።

ወሎዬዋ፦ እኛ ዘንድም ይህ አላለቀም። መንዙማ ላይ ድቤ፣ ከበሮው ማለቴ ነው፣ ይመታ አይመታ የሚለው የውስጥ ክርክር ነው። ይመታ የሚለው «የወሎ መንዙማ ያለ ድቤና ያለ ጭብጨባ ምን ቀረው» ይላል፣ አይመታ የሚለው ነሺዳውንም፣ ሌላውን መንፈሳዊ ዜማ፣ በሰው ድምፅ ብቻ ይፈልገዋል። እንግዲህ ውስጥ ያለው ሳይስማማ ለውጩ «አይነካ» ብሎ መስመር ማስመር ይከብዳል።

ሦስተኛ ዓመት፦ የእናንተም እንደዚያ ነው፣ የዜማ ቤት ልጅ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከበሮውና ጸናጽሉ ያርፋል፤ የጾሙ ዜማ፣ ጾመ ድጓው፣ በመቋሚያ ዝማሜ ነው። መዝሙር ቤቱ በር ላይ ያለው ማጉያ ግን በዚያው ሁዳዴ በኦርጋን የተሠራ፣ ከበሮው ከኮምፒውተር የወጣ መዝሙር ሲለቅ ይውላል። ያ ለምን ተፈጠረ?

የዜማ ቤት ልጅ፦ ኦርጋኑን ማን ፈቀደ? የሚሸጠውን ጠይቅ። እኔን ከነጋዴ ጋር አታጣብቀኝ።

ሦስተኛ ዓመት፦ ሽንኩርቱ ላይ አንድ ሰዓት ተቆጣህ፣ ኦርጋኑ ላይ አንድ መስመር።

የደብረ ታቦር ሰው፦ ተመታ!

ቆራጭና ቀጣይ፦ ባለክራር፣ አንድ ነገር አልፎኛል። «ለየአንዳንዱ ጅማት» ያልከው አሥሩንም የበገና ጅማት ነው? የሚመታው እኮ አምስት ስድስቱ ነው፤ ሌላው የጣት ማረፊያ ነው።

ባለክራር፦ እንደ መምህሩ ነው። አሥሩንም የሚመታ አለ።

ቆራጭና ቀጣይ፦ ማረፊያው ላይ እንዚራ ማስገባት ትርፍ ሥራ ነው እኮ።

ባለክራር፦ ዛሬ ትርፍ ያልከውን ነገ ሌላ ቅኝት ስትይዝ ትፈልገዋለህ።

ወሎዬዋ፦ ጅማት ቆጠራ ገባችሁ? ለልጁ መልስ የሚጽፍለት ማን ነው?

ባለክራር፦ መጀመሪያ እሱ «ለቀልድ ያልተፈጠረ» ያለውን ያብራራ።

የዜማ ቤት ልጅ፦ አብራርቶታል እኮ! ሁለተኛውን ገጽ አንብብ።