የአንጀት ሕመም ይዞ አብራሪ መሆን ይቻላል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዳላስ የበረራ ትምህርት ላይ ነኝ። ዘንድሮ አልሰራቲቭ ኮላይተስ፣ የትልቁ አንጀት ቁስለት፣ ተገኘብኝ። ሜሳላሚን በሚባል መድኃኒት ደህና ነኝ፤ ደሙም ወደ መጸዳጃ ቤት ሩጫውም ቆሟል። ግን የአንደኛ ደረጃ የሕክምና ሰርተፊኬት ይከለክሉኛል ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። የምታውቁ እባካችሁ።

ባለ ጭነቱ፦ አይዞህ ወንድሜ። እኔም ያው ሕመም አለብኝ፤ የጭነት አውሮፕላን አበራለሁ። ኤፍኤኤ፣ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን፣ ኮላይተስን፣ ከረጋ፣ የአቪዬሽን ሐኪሙ እዚያው ቢሮው ሰርተፊኬት ሊሰጥባቸው ከሚችል ሕመሞች ውስጥ አስገብቶታል። የአንጀት ሐኪምህ መርጋቱን ይጻፍልህ፤ ከምርመራህ በፊት 90 ቀን ያላለፈው ይሁን። መድኃኒት ሲቀየርልህ፣ በተለይ ወደ መርፌ ስትገባ፣ ሳትበር ጠይቅ።

እውነቱን ልንገርህ፣ የሚያስጨንቀው ወረቀቱ አይደለም፤ የማለዳ በረራ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ስነሳ አንጀቴ አይነቃም። የሚነቃው ወደ ማኮብኮቢያው ስንንቀሳቀስ ነው! ስለዚህ ቀደም ብዬ እነሳለሁ፣ ቡና አልነካም (ለሐበሻ ቀላል እንዳይመስልህ)፣ ነጭ ሩዝና እንቁላል በምሳ ዕቃ ይዤ እወጣለሁ። አብሮኝ ለሚበረውም ቀድሜ እነግረዋለሁ፤ አንዴ ከሳቀ በኋላ ነገሩ ያልቃል። ሕመሙ ሲነሳብኝ ግን ሰርተፊኬቱ ኪሴ ቢኖርም አልበርም። ሕጉም አይፈቅድም።

ሌላ አባል፦ «ዝም ብዬ ልለፍ» እንዳትል ብቻ። ማመልከቻው ያለፉትን 3 ዓመታት የሐኪም ጉብኝት ይጠይቃል። እዚያ ላይ መዋሸት የፌዴራል ወንጀል ነው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ! ሚጥሚጣስ?

ባለ ጭነቱ፦ እሱን ለዕረፍት ቀንህ።