የልጄን መጽሐፍ ለራሴ ብዬ ማንበብ ይዣለሁ፤ እናንተስ?

የማይን ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችኝ። ማታ ማታ አብረን እናነባለን። ጀርመንኛው እንዳያደናቅፈኝ ምዕራፉን ቀደም ብዬ ለብቻዬ አየዋለሁ። አሁን አሁን ግን እሷ ተኝታ እኔ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ መጽሐፉን እጨርሰዋለሁ። ለትምህርቷ ብዬ አይደለም፤ ጣፍጦኝ ነው።

እዚህ ያደረሰኝ የዮሃና ስፒሪ «ሃይዲ» ነው። የመጀመሪያው ክፍል የወጣው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። ካርቱኑን ብዙዎቻችሁ ሳታዩት አትቀሩም፤ ተራራ፣ ፍየል፣ አበባ። መጽሐፉ ውስጥ ግን የእኔዋ ከተማ አለች። አክስቷ ዴተ ሃይዲን ከአያቷ ቤት ወስዳ የምታመጣት ፍራንክፈርት ነው፤ የሀብታም ቤት ታማሚ ልጅ እንድታጫውት። በፈለግሽ ጊዜ ትመለሻለሽ ብላ ነው ያመጣቻት። እኛም ቦሌ ላይ ለእናቶቻችን «ቶሎ እመለሳለሁ» ብለን አይደል የወጣነው?

ሃይዲ ተራራዋን አያለሁ ብላ የቤተክርስቲያን ማማ ላይ ትወጣለች። የሚታያት ጣሪያና ጭስ ማውጫ ብቻ ነው። ከገበታ የሚደርሳትን ነጭ ዳቦ እየደበቀች ቁምሳጥን ውስጥ ታጠራቅማለች። አገር ቤት አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት አሉ፤ ደረቁን ጥቁር ዳቦ ማኘክ አይችሉም። ለእሳቸው ነው። የቤቱ አስተዳዳሪ ወይዘሪት ሮተንማየር ደርሳበት ታስጥለዋለች። ልጄ «ለምንድን ነው የምትደብቀው?» አለችኝ። አልጋ ስር ያለውን ሻንጣ ስቤ አሳየኋት። ለእናቴ በየቅናሹ የምገዛው ሹራብ፣ ቅባትና ሳሙና ያለበት ነው፤ አገር ቤት የሚሄድ ሰው እስካገኝ እዚያው ይቀመጣል። ወዲያው ገባት።

በኋላ ሃይዲ በናፍቆት ትከሳለች። ሌሊት በእንቅልፍ ልቧ ተነስታ የውጭውን በር ትከፍታለች። ቤተሰቡ መንፈስ ገባብን ብሎ ይሸበራል። ሐኪሙ ግን ሕመሟን ያውቀዋል። መድኃኒት አያዝላትም፤ ባስቸኳይ ወደ ተራራዋ ትመለስ ይላል። ስለ ስደት ለአዋቂ የተጻፉ መጻሕፍት አንብቤያለሁ። ናፍቆት የሰውን አካል ምን እንደሚያደርገው እንዲህ ጥርት አድርጎ ያሳየኝ ግን አላገኘሁም።

ጓደኞቼ «ለዕድሜሽ የሚሆን አንብቢ» ይሉኛል። አልተቀበልኳቸውም። እናንተስ ለራሳችሁ ብላችሁ ታነባላችሁ? ቀጥሎ ምን ልያዝ?

የናቲ አባት፣ ቨርጂኒያ

እህቴ፣ እኔም ቤት ያው ነው። የኢ. ቢ. ዋይትን «ሻርሎትስ ዌብ» ያዢ፤ እ.ኤ.አ. የ1952 መጽሐፍ ነው። ገና ሲጀምር አባት መጥረቢያ ይዞ ይወጣል። ሲወለድ ደቃቃ የሆነውን የአሳማ ግልገል ሊገድለው ነው። ልጁ ፈርን ሮጣ መጥረቢያውን ትይዝበታለች። ናቲ ዓይኑ ልጅቷ ላይ ነው። እኔ የማየው አባትየውን ነው። ልጁ እውነቷን እንደሆነ አይቶ እሺ ይላታል። ይህን የሚችል አባት መሆን እፈልጋለሁ።

የግልገሉ ወዳጅ የሆነችው ሸረሪት፣ ሻርሎት፣ የምትሞትበት ጋ ስደርስ ድምፄ እምቢ አለ። ናቲ ተቀብሎኝ ጨረሰው። ደራሲው ራሱ መጽሐፉን በድምፅ ሲቀዳ እዚያችው ቦታ ላይ እየተሸነፈ ደጋግሞ ነው የቀረጸው።

ሰሚት ሰፈር

የኤልዛቤት ሌርድን «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ» እንዳታልፊው። ደራሲዋ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አዲስ አበባ አስተምራለች። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2003 ወጣ፤ ታሪኩ እዚሁ እኛው ከተማ ነው። ማሞ እናቱ ሲሞቱ አጎትህ ነኝ ያለ ሰው ወስዶ ገጠር ለአንድ ገበሬ ይሸጠዋል። ዳኒ የሀብታም ልጅ ነው፤ አባቱን ፈርቶ ከቤት ይጠፋል። ሁለቱ ጎዳና ላይ ይገጣጠማሉ። ልጄ ከጨረሰው ወዲህ መብራት ላይ መስኮታችንን የሚያንኳኩትን ልጆች ስማቸውን ይጠይቃል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ኖሬ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ይከብዳል። አንቺ አሁን አንብቢው፤ እሷ ትቆይ።

መምህሩ፣ ሐዋሳ

በማንበብሽ ደስ ብሎኛል። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ተረት ሲጀምሩ አባቴም ከእኛ ጋር ቁጭ ይል ነበር፤ ማንም ነውር ነው አላለውም። አንድ ነገር ግን ልቃወምሽ። ቀድመሽ አትጨርሺው። የሚመጣውን የምታውቅ እናት ፊቷ ላይ ያስታውቅባታል። ልጅ ደግሞ ፊት ማንበብ ይችላል። አብራችሁ ደንግጡ፣ አብራችሁ ሳቁ።

የማይን ዳር

መምህር፣ ነጥብዎ ገብቶኛል። ጀርመንኛውን ካላየሁት ግን በየመስመሩ እቆማለሁ፣ ታሪኩም ይበላሻል። እንዲህ ላድርግ፦ የዕለቱን ምዕራፍ ብቻ ቀድሜ አያለሁ፤ መጨረሻውን አብረን እንደርስበታለን። የሸረሪቷን ጀርመንኛውን ነገ ከሰፈራችን ቤተመጻሕፍት እጠይቃለሁ። የማሞን ደግሞ ለራሴ አዝዣለሁ።

የናቲ አባት፣ ናቲ ያኔ ስንት ዓመቱ ነበር? የእኔዋ ሞት ያለበት ታሪክ ገና አልሰማችም።