ኬጂ ለመግባት የክትባት ካርድ ግዴታ ይሁን ወይስ አይሁን?

የማክዳ እናት፦ ልጄን ኬጂ ላስመዘግብ ሄጄ "የክትባት ካርድ ካላመጣሽ አንመዘግብም" አሉኝ። ካርዱ ቤት ስንቀይር ጠፍቷል። የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ማክዳ በ9 ወሯ የኩፍኝ ክትባት ወስዳለች። በሦስት ዓመቷ ኩፍኝ ያዛት! ካልሠራ ለምን ያስገድዱናል?

ልጁ ከጀሞ፦ ግዴታ ይሁን፣ በቃ። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ።

ጋሼ ጡረተኛው፦ አንተ ልጅ፣ የጤና ጣቢያ ግድግዳ አታንብብልን። እኛ ክትባት የሚባል ሳናውቅ ነው ያደግነው። ኩፍኝ ያዘን፣ ዳንን፣ ዳግም ዝር አላለብንም። የተፈጥሮው ይበልጣል።

ሲስተር፦ ጋሼ፣ ግማሹ እውነት ነው። ኩፍኝ አንዴ የያዘውን ሰው ዳግም አይዘውም ማለት ይቻላል። ግን ይህን የሚያወሩን የዳኑት ናቸው፤ የሞቱት አይከራከሩም። ኩፍኝ ሌላም ተንኮል አለው። ሰውነት ስለሌሎች በሽታዎች የያዘውን ትውስታ ይሰርዛል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የኔዘርላንድ ልጆች ጥናት ከኩፍኝ በኋላ ከነበራቸው ፀረ እንግዳ አካላት (ሰውነት በሽታን የሚከላከልባቸው) ከ11 እስከ 73 በመቶው እንደጠፋ አሳይቷል። ክትባቱም እኮ ራሱ ኩፍኙ ነው፣ ግን የተዳከመ። ሰውነት መልኩን ያጠናል፣ ዋጋውን ግን አይከፍልም።

የማክዳ እናት፣ ወደ አንቺ ልምጣ። ልጅ ሲወለድ በእንግዴ ልጁ በኩል የተሻገረለትን የእናቱን ፀረ እንግዳ አካል ይዞ ነው። አንዳንዱ ልጅ ላይ እስከ 9 ወር ድረስ ቀሪ አለ። መርፌው ሲገባ ያ ቀሪ የተዳከመውን ቫይረስ ቀድሞ ያጠፋዋል። ልጁ ራሱ ሳይማር ይቀራል። ስለዚህ በ9 ወር ከተከተቡ 100 ልጆች የሚይዝላቸው 85 ያህሉ ናቸው። ቆይተን እንዳንሰጥ ኩፍኙ ይቀድመናል። ሁለተኛው ዙር ያመለጡትን ለመልቀም በ15 ወር ይሰጣል። እኛ አገር በመደበኛነት የገባው በ2011 ዓ.ም. ነው። ማክዳ ወስዳለች?

የማክዳ እናት፦ አልወሰደችም። ሄጄ ነበር፣ "ሐሙስ ነይ" አሉኝ። ሥራ ያዘኝና ቀረሁ።

ልጁ ከጀሞ፦ "ሐሙስ ነይ" ስንፍና ነው።

ሲስተር፦ ስንፍና አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚመጣልን ብልቃጥ ለአሥር ልጅ የሚሆን ነው። አንዴ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። ለአንድ ልጅ መክፈት ሆድ ያማል። ግን እናት በማትመለስበት አገር አንድ ብልቃጥ ብንጥል ይሻላል፤ እኔ እከፍታለሁ።

ሐበሻ በሲያትል፦ እኛ ጋ ዋሺንግተን ስቴት በ2019 እ.ኤ.አ. የኩፍኝ ወረርሽኝ ገብቶ ነበር። ከዚያ በኋላ "በግል አመለካከቴ አላስከትብም" ማለት ለኩፍኝ ክትባት ቀረ። እኔም አጉረምርሜ አስከተብኩ። እዚያም እንደዚያ ይሁን።

የገጠር መምህር፦ ወንድሜ፣ ሲያትል ሆነህ ማውራት ቀላል ነው። እኔ ከማስተምርበት ቦታ ጤና ኬላው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ካርድ የሌለውን ልጅ ብመልሰው ከትምህርትም ከክትባትም ይቀራል። ካርድ እንጠይቅ፣ ግን ልጁን መዝግበን። ከዚያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትምህርት ቤት መጥታ ትከትብ።

ጋሼ ጡረተኛው፦ ይሄ ያስኬዳል። ግን የተከተበው ከተከተበ፣ ያልተከተበው ጉዳቱ ለራሱ አይደለም እንዴ?

ሲስተር፦ የልጅ ልጅ አለዎት ጋሼ?

ጋሼ ጡረተኛው፦ ሁለት። ትልቁ ኬጂ ነው፣ ትንሿ አምስት ወሯ።

ሲስተር፦ ትንሿ ለክትባት አልደረሰችም። ከእናቷ ያገኘችውም መከላከያ እየሳሳ ነው። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ክፍሉን ለቅቆ ከወጣ በኋላ እንኳን ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት አየሩ ላይ ይቆያል። መከላከያ በሌለበት አንድ ታማሚ ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል። ለዚህ ነው ከ100 ሰው 95ቱ መከላከያ ይኑረው የምንለው። ለትንሿ አጥሯ ወንድሟ ነው።

የማክዳ እናት፦ ካርዱ ከጠፋስ?

ሲስተር፦ የተከተበችበት ጤና ጣቢያ መዝገብ ይታይ። ካልተገኘ ትድገም፣ አይጎዳትም። ኩፍኝ ያልሽውም ላብራቶሪ ካላየው ሌላ ሽፍታ ሊሆን ይችላል።

ጋሼ ጡረተኛው፦ የትልቁን ካርድ እናቱን ልጠይቃት ነው። "ግዴታ" የሚለው ቃል ግን አሁንም አልተዋጠልኝም።