ማሌ በምሽት ደርሶ ወደ ባ አቶል መሻገር፦ ለእናቴ ይከብዳት ይሆን?

እናቴ 67 ዓመቷ ነው፤ ባሕርን በቴሌቪዥን እንጂ በዓይኗ አይታ አታውቅም። ከገና በኋላ ከአዲስ አበባ በዱባይ በኩል ወደ ማልዲቭስ ልወስዳት ቲኬት ቆርጫለሁ። ባ አቶል በተባለው የማልዲቭስ የደሴቶች ስብስብ ለሚገኝ ሪዞርትም የአምስት ሌሊት ክፍያ ፈጽሜያለሁ። ጥርን የመረጥኩት ደረቁ ወቅት ስለሆነ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችንም ዝግጁ ነው።

ስህተቴ ቲኬቱንና ሪዞርቱን ለየብቻ መያዜ ነው። ዋና ከተማዋ ማሌ የምንደርሰው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሪዞርቱ እንግዶቹን የሚያጓጉዝበት፣ ውሃ ላይ የሚያርፈው አውሮፕላን ግን የሚበርረው በቀን ብርሃን ብቻ ነው። ቲኬቱን ለመቀየር ብጠይቅ ለሁለታችን 340 ዶላር ጭማሪ አሉኝ፤ አቅሜ አይፈቅድም። ሪዞርቱም የመጀመሪያዋን ሌሊት ገንዘብ አልመልስም ብሏል።

ከአውሮፕላን ማረፊያው በመኪና በሚደረስባት ሁሉማሌ አድረን ጠዋት ልንበርር እንችላለን። አለበለዚያ በዚያው ምሽት በአገር ውስጥ በረራ ባ አቶል ውስጥ ያለችው ዳራቫንዱ ደሴት ደርሰን፣ ከዚያ በፈጣን ጀልባ መሻገር ነው። ይህኛው የከፈልኩባትን ሌሊት ያተርፍልኛል። ነገር ግን እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ በጨለማ ወደሚወዛወዝ ጀልባ መውረዷ ያሳስበኛል። ዕድሜዋን ሙሉ ያላየችውን ባሕር መጀመሪያ በፍርሃት እንድታየው አልፈልግም።

ከዳራቫንዱ በምሽት በጀልባ የተሻገራችሁ ካላችሁ፣ የመሳፈሪያው ቦታ ጉልበቷን ለሚያማት እናት ይመቻል?